ባህረዲንና ሃያ አንዱ ዳቦ

ባህረዲን ሥዕል ሲሰቅል ውሃ ልክ አይጠቀምም ተብሎ በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ይወራል። ውሸት ነው፤ ይጠቀማል። ግን መጀመሪያ በዓይኑ ይሰቅልና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያያል፤ «ሆኗል» ይላል። ውሃ ልኩን የሚያሳርፈው ከዚያ በኋላ ነው። አረፋዋም እንደ ታዘዘች መሀል ላይ ትቆማለች። አብረውት የሚሠሩት ሰዎች በፊት በምሳ ይወራረዱበት ነበር። አሁን ትተውታል፤ ይስታል ብሎ የሚወራረድ ሰው ጠፋ።

ሥራው ሌሎች ያሰቡትን ማቆም ነው። የአርቲስቶች ሥራ በሳጥን ታሽጎ ሙዚየም ሲደርስ ሳጥኑን የሚፈታው፣ የሚሰቅለው፣ የሚተክለው፣ መብራቱን የሚያስተካክለው እሱ ነው። የመክፈቻው ቀን ሰው ሲያጨበጭብ ግን እሱ መሰላሉን አጥፎ ሄዷል። በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። «ሙሽራውን ያለበሰ ሰው ሠርጉ ላይ መደነስ ግዴታው አይደለም» ይላል።

የተወለደው ኮምቦልቻ ነው። አባቱ ወታደር ነበሩ፤ በኦጋዴን ጦርነት ወድቀው ቀሩ። መንግሥት እንደ እሱ አባት የሞተባቸውን ልጆች ሰብስቦ በመርከብ ወደ ኩባ ሲልክ አሥር ዓመቱ ነበር። የወጣቶች ደሴት በምትባል ደሴት ላይ ጠዋት እየተማረ፣ ከሰዓት በኋላ የፍራፍሬ እርሻ እየኮተኮተ፣ ስፓኒሽ እንደ አፍ መፍቻው እየተናገረ አደገ። ከዚያ ሃቫና ገብቶ አናጢነት ተማረ። ልኮት የነበረው መንግሥት ሲወድቅ እሱና ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ፤ ኑ የሚላቸውም ሂዱ የሚላቸውም ጠፋ። ያ ዘመን ለኩባም ክፉ ዘመን ነበር። መኪናው ነዳጅ አጥቶ ቆሟል፣ ሰው ብስክሌት ላይ ወጥቷል፣ ሰው በረሃብ እየበላው ድመት ከመንገድ ጠፍቷል። ባህረዲን በስደተኛነት ኦክላንድ ሲገባ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። የያዘው አንድ መዶሻና ሁለት ቋንቋ ነው።

ከኮምቦልቻ የቀረለት ነገር ጥቂት ነው። የእናቱን መልክ እንኳ የሚያስታውሰው ከፎቶግራፍ ነው። አንድ ነገር ግን እጁ ላይ ቀርቷል። መንገድ ላይ የወደቀ ዳቦ ካየ ያነሳል፤ ይስማል፤ ግንባሩን ያስነካዋል፤ ከዚያ እግር የማይደርስበት ቦታ ፈልጎ፣ አጥር ላይ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል። እህል አይረገጥማ። እናቱ ሲያደርጉ አይቶ ይሁን ተቆጥተውት ይሁን አያውቅም። ደሴቲቱ ላይ ልጆች ስቀውበታል። ኦክላንድ መሀል ባለው ሐይቅ፣ በሌክ ሜሪት ዳር ደግሞ ለዝይዎቹ የተወረወረውን ዳቦ እየለቀመ አጥር ላይ ሲደረድር አንዲት ሴትዮ ፖሊስ ልትጠራበት ነበር። ልጁ ኢክራም ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዛሬ ሃያ ሆኗታል፤ ታሪኩን ለእንግዳ ሁሉ ሳትነግር አታሳልፍም።

ኦዳሊስ ካብራሌስን ያገኛት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ኩባዊት አርቲስት ናት፤ በእድሜ እኩያው። ኦዳሊስ ሥዕል አትስልም፤ ድንጋይም አትቀርጽም። የእሷ ሥራ ወረቀት ላይ ይጀምራል። ሐሳቧን በአራት በአምስት መስመር ትጽፈዋለች፤ ሌላ ሰው ያቆመዋል። ይህን ዓይነቱን ጥበብ ኮንሴፕችዋል አርት ይሉታል። ሥራው ሐሳቡ ነው፤ ዕቃው ሐሳቡ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነው።

በወጣትነቷ ሃቫና ውስጥ አርባ ጓደኞቿን አንድ ዝግ በር ፊት አሰለፈቻቸው። መንገደኛው ሰልፉን ሲያይ ምን እንደሚሸጥ እንኳ ሳይጠይቅ ከኋላ ቆመ፤ ከቀትር በፊት ሰልፉ መቶ ሞላ። ፖሊስ መጥቶ በሩን ሲያስከፍት ውስጡ ባዶ ነበር። ሥራው ይኸው ነበር። ሌላ ጊዜ ባሕር ማዶ ላሉ ዘመዶቿ ጽፋ የተመለሱባትን ደብዳቤዎች፣ አንዱንም ሳትከፍት፣ እርስ በርስ ሰፍታ የመስኮት መጋረጃ አደረገቻቸው። ፀሐይ ሲመታው ጽሑፉ በፖስታው ውስጥ ይታያል፤ ግን አይነበብም። በእንዲህ ያለ ሥራ ስሟ ከሃቫና ወጣ፤ ማድሪድ ደረሰ፤ ሳኦ ፓውሎ ደረሰ፤ መጻሕፍት ውስጥ ገባ።

ኦክላንድ የመጣችው በአንዲት ትንሽ ጋለሪ አንድ በር ልታሳይ ነበር። ከውስጥ ብቻ የሚከፈት በር ነው። በሩን ሠርቶ የሰቀለው ባህረዲን ነው። ኦዳሊስ ገብታ ከፈተችው፤ ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው። ከዚያ በስፓኒሽ ጮኸች።

«ይህን በር የሰቀለው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ምን አጠፋ?» አለ ባህረዲን ከመሰላሉ ላይ፤ በደሴቲቱ ልጆች ቃና፣ የቃሉን ጭራ እየዋጠ።

ኦዳሊስ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አይጮህም! የእኔ በር ሲከፈት ማቃሰት አለበት።»

«እንደሱ ከሆነ ጊዜ ስጪኝ» አላት። «በር እንዳይጮህ ማድረግ ስማር ነው የኖርኩት። ማበላሸት ገና መልመዴ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራ በኖራት ቁጥር ለሙዚየሞቹ የምትጽፈው የመጀመሪያ መስመር አንድ ነው፤ ባሃ ሳይመጣ ሳጥኑን እንዳትከፍቱ። ባህረዲንን ባሃ ነው የምትለው።

ዘንድሮ ሳን ሆዜ ያለ አንድ ሙዚየም የሠላሳ ዓመት ሥራዋን በሙሉ ሊያሳይ ተነሣ። ባህረዲን ለዚያ ሙዚየም አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ ግን በጥሪ ነው። ኮል ካደረጉለት ይሄዳል፤ ካላደረጉለት ሌክ ሜሪትን ይዞራል። አሁን ሥራዎቹን የሚያቆመው የኢንስታሌሽን ክፍል ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ነው። ትርኢቶቹን የምትመራው ሚስ ኬለር ባህረዲንን ቢሮዋ ጠርታ በአጭሩ ነገረችው። ይህን ትርኢት በኃላፊነት ያቆማል፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ ሥራ እንደ አርቲስቷ ትእዛዝ መቆሙን በቅጹ ላይ ይፈርማል፤ ሁሉም በደህና ካለፈ ሰኞ ስሙ ለቋሚው ቦታ ይቀርባል።

ለባለቤቱ ለሰውዳ ሲነግራት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሰውዳ የደሴ ልጅ ናት፤ በሽማግሌዎች መጦሪያ ትሠራለች፤ የእሷ ሺፍት ይታወቃል፣ የእሱ አይታወቅም። የባሏ ስልክ በጮኸ ቁጥር አብራ መደንገጥ ሰልችቷታል።

«አብሽር፣ ይሄማ ያንተው ነው» አለችው። «ለመሆኑ የዘንድሮው ምንድነው? በር ነው ወንበር?»

«ሁሉም አለ። ዳቦም አለ።»

«ዳቦ? ጋጋሪ ሆንክልኝ በላ!»

«ጋጋሪስ ፍሪሞንት ነው ያለው። እኔ ማስቀመጥ ብቻ ነው።»

«ማስቀመጥማ ምን አለው!»

ኢክራም ከስልኳ ቀና አለች። አማርኛውን አንድም ሳይቀር ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ባባ ኤንድ ብሬድ? ኦ ማይ ጋድ!» ብላ ሳቀች።

ሰውዳ የት እንደሚያስቀምጠው አልጠየቀችም። ባህረዲንም አልነገራት። እሱ ግን ወረቀቱን አንብቦታል። የሥራው ስም «ድርሻ» ነው። ትእዛዙ እንዲህ ይላል፤ ሃያ አንድ ትንንሽ ዳቦ፣ እያንዳንዱ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ድርሻ የሚሆን፣ ባዶ ወለል ላይ፣ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ይቀመጣል፤ በየጠዋቱ በአዲስ ይለወጣል።

ሳምንቱን ሙሉ ሌላውን ሁሉ አስቀደመ። በሩን ሰቅሎ እንዲያቃስት አደረገው። የፖስታ መጋረጃውን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ዘረጋው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳቦው ከፍሪሞንት መጣ፤ ገና ትኩስ ነው፣ ሽታው አዳራሹን ሞላው። ሌላ የሚያስቀድመው ሥራ አልቀረም። ተንበረከከና በሜትር እየለካ አንድ በአንድ አስቀመጠ። እጁ እንቢ ይለኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ እጁ እንቢ አላለም። እንቢ ቢለው ይሻለው ነበር። ሲጨርስ ዞር ብሎ ሳያይ ወጣ፤ እጁን ታጠበ፤ ጃኬቱን ለበሰ።

ሜትሩን እዚያው ረስቶታል።

ሊያመጣው ተመለሰ። ሲያልፍ የጫማው ጫፍ አንዷን ዳቦ ለትንሽ ሳታት። «አስተግፊሩላህ» አለና አነሳት። ሳማት፤ ግንባሩን አስነካት፤ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጣት። አንዷን አንስቶ ሃያዎቹን መተው ደግሞ ነውር ሆነበት። ነገ ማንም ሳይመጣ ደርሼ እመልሳቸዋለሁ ብሎ ሁሉንም አነሳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ልቡ ዐርፎ ወደ ቤቱ የነዳው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሣ፤ ፍሪሞንት ላይ አንድ ጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቀው። ሳን ሆዜ ሲደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ኦዳሊስ ቀድማዋለች። ባዶው ክፍል መሀል መሬት ላይ ተቀምጣ መስኮቱን ታያለች። ሃያ አንዱ ዳቦ ደፉ ላይ በሰላት ሶፍ እንደ ቆሙ ሰጋጆች ተሰልፏል።

«ማነው ያነሳው?» አለችው ሳትዞር።

የጽዳት ሰዎች ናቸው ማለት ይችል ነበር፤ ትርኢት ሲቆም እንዲህ ያለው ነገር ይደርሳል። ሐሳቡም መጥቶለታል። ግን አፉ አልተከተለውም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ያስቀመጥከውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«አስቀምጠህ አነሳኸው? አብደሃል፣ ባሃ?»

«እህል ነው፣ ኦዳሊስ። በር ብትዪኝ አስጮህልሻለሁ። ወንበር ብትዪኝ እግሩን እሰብርልሻለሁ። እህል መሬት ላይ ጥሎ መሄድ ግን አልተማርኩም። እናቴ ከሰጠችኝ ነገር የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።»

«ይሄ ሥራ በስድስት አገር ቆሟል!» ተነሥታ ጮኸችበት። «ስድስት አገር! ማንም ጣቱን አላስነካውም። ማንም!»

«ማንም?»

«ማንም ሰው!»

የተናገረችውን ራሷ የሰማችው ያኔ ይመስል ነበር። ተመልሳ ተቀመጠች። ባህረዲንም ጉልበቱን እየያዘ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የእኛ ሰፈር ዳቦ ቤት ሃያ አንድ ቀን ተዘግቶ ነበር» አለች። «አንተም እዚያው ነበርክ፤ ታውቀዋለህ ያን ዘመን። በተከፈተ ቀን እናቴ ተሰልፋ ድርሻችንን ይዛ ስትወጣ አንዷ ዳቦ ከእጇ ወድቃ መንገድ ላይ ተንከባለለች። ሰልፉ ሁሉ አያት። ሁሉም ፈለጋት። ግን ጎንበስ ካለ ረሃቡን ሰው ሊያይበት ነው። እናቴም አፈረች፤ ጥላት መጣች። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ አብሬያት ነበርኩ፤ እኔም አላነሳኋትም። በሳምንቱ አንድ ዳቦ ገዝቼ፣ ጓደኛዬ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ወለል ላይ አስቀመጥኩ። ሰው ጠራሁ። አራት ደቂቃ አልቆየም፤ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አነሱና በሉት። ሁላችንም አጨበጨብን። አለቀስንም። ከዚያ የበለጠ ትርኢት ኖሮኝ አያውቅም።»

ከቦርሳዋ አንድ ቢጫ የሆነ ወረቀት አወጣች። የሥራው የመጀመሪያ ትእዛዝ ነው፤ በስፓኒሽ፣ በእርሳስ የተጻፈ። ባህረዲን መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ከሙዚየሙ ወረቀት ጋር አንድ ነው፤ መጨረሻው ላይ ብቻ አንድ መስመር ይበልጣል። ማንም አይከለከልም ይላል።

«ይሄ መስመር እኛ ጋ የለም» አላት።

«የመጀመሪያው ሙዚየም ለኢንሹራንስ አይመችም ብሎ አወጣው። ሁለተኛው ገመድ ዘረጋበት። ሦስተኛው ዳቦውን በፕላስቲክ አሠራው፣ እንዳይሻግት። እኔ ቪዛ ተከልክዬ ሃቫና ቁጭ ብዬ ፎቶውን ነው የማየው። መጀመሪያ ተጣላሁ። ከዚያ ደከመኝ። ስም ስታገኝ ደግሞ መጣላት ይረሳል።»

ክፍሉን ዞር ብለው አዩ። የናሱ ዘንጎች ቆመዋል፤ ቀዩ ገመድ ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ሰው ወደ ዳቦው እንዳይጠጋ ሚስ ኬለር ትናንት ያስመጣችው ነው።

«ስሚኝ» አለ ባህረዲን። «ገመዱ ይውጣ። ገመዱ ከወጣ ዳቦውን አስቀምጣለሁ።»

«ያው መሬት ላይ አይደለም?»

«ገመድ ካለ ጥዬው መሄዴ ነው። ገመድ ከሌለ ለሚያነሳው ሰው ማቆየቴ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።»

ኦዳሊስ ፊቱን አየችው፤ ጣቷንም አነሳችበት። «አንተ ግን አታነሳም። በፍጹም። አንተ ካነሳኸው ለሌላው ምን ይተርፋል?»

«እሺ» አለ። ከሁሉ የከበደችው ይህቺ እሺ ነበረች።

ሚስ ኬለር ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሕግ የሚያስጨንቃት ሰው ናት። ገመዱ የሚዘረጋው ፍርፋሪው ነፍሳት እንዳይስብ ነው አለች፤ ለኢንሹራንስ ነው አለች፤ ዳቦ የረገጠ ሰው ቢንሸራተትስ አለች። ባህረዲን ሁሉንም ሰምቶ ጨረሰና ቅጹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። አሥራ ስድስት ሥራ ላይ ፈርሟል። አሥራ ሰባተኛው መስመር ባዶ ነው።

«ይሄ እንደ ትእዛዙ አልቆመም» አላት። «ባልቆመ ሥራ ላይ አልፈርምም።»

«ባህረዲን፣ ሰኞ ስምህን ላቀርብ ነው። ይሄን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልቆመ ነገር ቆሟል ብዬሽ አውቃለሁ?»

ቅጹን አንስታ ባዶውን መስመር አየችው።

«ሥራው ቢበላሽስ?»

«ሥራው ዳቦ ነው። በየጠዋቱ ይለወጣል። የሚበላሽ ሥራ ካለ ይሄኛው አይደለም።»

ስልክ ደወለች፤ ወጣች፤ ገባች። ቀትር ላይ መልስ መጣ። የመክፈቻው ቀን ገመድ አይኖርም። ክፍሉ ከተዝረከረከ ግን እሑድ ገመዱ ይመለሳል፤ ኃላፊነቱም በጽሑፍ የባህረዲን ይሆናል። የሰኞውን ነገር አላነሳችም፤ ማንሳትም አላስፈለጋትም።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ዳቦ መጣ። ባህረዲን ተንበረከከ። ዳቦውን ሲያነሳ እንደሚያደርገው ሁሉ ሲያስቀምጠውም አደረገ፤ ቢስሚላህ ብሎ ሳመው፤ ግንባሩን አስነካው፤ ከዚያ በሁለት እጁ ወለሉ ላይ አሳረፈው። ሃያ አንድ ጊዜ። ኦዳሊስ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ ይህ ወረቀቱ ላይ የለም አላለችም።

በስድስት ሰዓት በሩ ተከፈተ። ባህረዲን መሰላሉን አጥፎ አልሄደም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መክፈቻ ላይ ቀረ። ማዕዘን ላይ ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ይጠብቅ ጀመር።

ሰው መጣ። ዳቦውን አየ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ፤ ዞሮ አለፈ። አንዱ ፎቶ አነሳ። አንዲት ሴት ቀሚሷን ሰብስባ እንደ ኩሬ ተሻገረችው። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ዳቦው ሃያ አንድ ነው። ባህረዲን ደግሞ ቆጠረው። ማንም ካላነሳ፣ እሱ ለቋሚ ሥራ ብሎ እህል መሬት ላይ የጣለ ሰው ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ጣቶቹ ከኋላው ተፈታቱ።

«እጅህን!» አለችው ኦዳሊስ በስፓኒሽ፣ ከጥርሷ ሥር።

እንደገና አጣመራቸው።

ያን ጊዜ ሰውዳና ኢክራም ገቡ። ሰውዳ ለባሏ ክብር የኢድ ቀሚሷን ለብሳለች፤ አረንጓዴ ሻሽ አድርጋለች። የፖስታ መጋረጃውን አድንቃ፣ የሚያቃስተውን በር ከፍታ ስቃ፣ ወደዚህ ክፍል ተሻገረች። ሁለት እርምጃ ሄደች። ቆመች።

«ውይ! እህል!»

ቦርሳዋን ለልጇ ወረወረችና ጎንበስ አለች። አንዷን አነሳች፤ ሳመች፤ ግንባሯን አስነካች፤ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች፤ ወደ ሁለተኛዋ ሄደች። ሰዉ ቆሞ ያያት ጀመር።

«ማማ፣ ስቶፕ!» አለች ኢክራም ፊቷ ቀልቶ። «ኢትስ አርት!»

«አርት ይሁን ማርት፣ እህል እህል ነው! ቆመሽ ታዪኛለሽ እንዴ?» ቀና ብላ ሰዉን ሁሉ በዓይኗ ሰበሰበችው። «ደግሞ ማነው ይሄን መሬት ላይ የበተነው? እጁ አይባረክ!»

ጥበቃው አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰ። ባህረዲን ራሱን ነቅንቆ ከለከለው። ከዚያ ከማዕዘኑ ወጣ።

«እኔ ነኝ፣ ሰውዳ።»

«አንተ?»

«እኔ። ስሜው ነው ያስቀመጥኩት።»

ሰውዳ ዳቦውን እንደ ያዘች ለረጅም ጊዜ አየችው። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር ከዝይ አፍ ዳቦ ሲነጥቅ ያየችው ሰው ነው።

«ሁሉንም ስመህ?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው ጎንበስ በልና አግዘኝ።»

«አልችልም። የእኔ ድርሻ ማስቀመጥ ነው። ማንሳቱ የሰው ነው።»

ምን እንደገባት አላህ ያውቃል፤ ግን አልተከራከረችም። «በል ዞር በልልኝ» ብላ ሦስተኛዋን አነሳች። ኢክራምም በሁለት ቦርሳ መሀል እየተንገዳገደች አንዷን አነሳች፤ እንደ እናቷ ሳመቻት፤ ዓይኗን ከሰው ሸሽጋ ደፉ ላይ አስቀመጠች። ቀጥሎ የሳን ሆዜ ቬትናሞች የሚለብሱትን ረጅም ቀሚስ የለበሱ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ጎንበስ አሉ። አንድ ወጣት እፍረቱን በሳል እየሸፈነ አነሳ። አንድ ባለ ከረባት ግራ ቀኙን አይቶ ዳቦውን ኮት ኪሱ ከተተው፤ ኦዳሊስ አየችውና አፏን በእጇ ሸፈነች። ብዙው ሰው አሁንም ዞሮ ያልፋል፤ ግን እያየ፣ እያሰበ፣ ሁለት ጊዜ እየተመለሰ ነው የሚያልፈው።

አሥር ሰዓት ላይ ሚስ ኬለር ቅጹን ይዛ መጣች። ወለሉን ቆጠረች። ፍርፋሪ እንኳ የለም።

«ከሃያ አንዱ አንድ ቀርቷል» አለች። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

ባህረዲን እስክሪብቶዋን ተቀበላት። በአሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ «እንደ ትእዛዙ ቆሟል» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ።

ሚስ ኬለር አነበበችው። «ከፊርማህ ሥር የሥራ መደብህን አልጻፍክም።»

«የለኝማ።»

«ባዶውን ተወው» አለችና ቅጹን አጠፈች። «ሰኞ ትሞላዋለህ።»

እጆቹን እንደገና ወደ ኋላ አጣመረ። የዕለቱ ትርኢት ሊዘጋ ነው፤ ሰው ወጥቶ እያለቀ ነው። የቀረችው አንዷ ዳቦ መሀል ወለል ላይ ናት። ሰውዳ አንድ እግሯን አንስታ ነበር፤ ኦዳሊስ ቀደመቻት። ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስድስት አገር እንዲቀመጥ ያዘዘችውን ዳቦ አነሳችና እጇ ላይ ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቀውም።

ሰውዳ ስፓኒሽ አትችልም፤ ኦዳሊስ አማርኛ አትችልም። «ሳሚው» አለቻት ሰውዳ፤ በራሷ ከንፈር አሳየቻት። ሳመችው። «ግንባርሽን።» አስነካችው። ወደ መስኮቱ ልትወስደው ስትል ሰውዳ እጇን ያዘቻት።

«የመጨረሻዋማ ትበላለች። ቢስሚላህ!»

ለሁለት ቆረሰችው። ግማሹን ለኦዳሊስ ሰጠች። ከራሷ ድርሻ ደግሞ ቆንጥራ ወደ ባሏ መጣች።

«ማንሳት ነው እንጂ መብላት አልከለከሉህም አይደል?» አለችው።

ባህረዲን እጆቹን ከኋላው ሳይፈታ አፉን ከፈተ።